ስለ ፎሊክ አሲድ የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

«ፎሊክ አሲድ የሚጀመረው የእርግዝና ክትትል ሲጀመር ነው»

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ነው። ፎሊክ አሲድ በምግብ ውስጥ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን በታብሌት የተዘጋጀበት መልክ ነው፤ ከእርግዝና በፊት የሚወሰደውም የልጁ የነርቭ ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ ነው። የልጁ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚወጡበት የነርቭ ቱቦ ተዘግቶ የሚያልቀው ከጽንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። የወር አበባ መቅረቱ ደግሞ የሚታወቀው ከጽንሰት ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። እናትየዋ በዚያው ቀን ብትመረመር እንኳ የቀራት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ በደም ውስጥ በቂ ፎሌት እስኪከማች ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። በአራተኛ ወሯ ጤና ጣቢያ ሄዳ ካርድ ስታወጣ የሚሰጣት ታብሌት ለደሟ ይጠቅማታል፣ መውሰድም አለባት። የነርቭ ቱቦው ጉዳይ ግን ካለቀ ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል። ቱቦው ከታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለውን የጀርባ ክፍተት ይዞ ይወለዳል፤ ከላይ በኩል ከሆነ አንጎልና የራስ ቅል ሳይሟሉ ይቀራሉ፣ እንዲህ ያለው ልጅ በሕይወት አይቆይም።

ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ቢያንስ ከእርግዝና አንድ ወር በፊት፣ ቢቻል ከሦስት ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ይወሰዳል። ለመውለድ አስበሽ ሉፕ ወይም ክንድ ላይ የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ ልታስወጪ፣ መርፌውንም ልታቆሚ ከሆነ፣ ታብሌቱን ከዚያ ቀን በፊት ጀምሪ። ብዙ እርግዝና ሳይታቀድ ስለሚመጣ ምክሩ ልታረግዝ ለምትችል ሴት ሁሉ ነው። አንድ ቀን ከተረሳ በማግስቱ እንደወትሮው አንድ ይዋጣል፤ ሁለት አይደረብም።

«ምስርና ጎመን እየበላሁ ታብሌት ምን ይጨምርልኛል?»

ምስር በእርግጥ ከተሻሉት ምንጮች አንዱ ነው፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 350 ማይክሮግራም ገደማ ፎሌት አለው። ሽምብራና ባቄላም ጥሩ ናቸው። ችግሩ ሁለት ነው። ሰውነት በምግብ ውስጥ ካለው ፎሌት የሚጠቀመው ግማሹን ያህል ሲሆን ከታብሌቱ የሚጠቀመው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ፎሌት በውሃ ይሟሟል፣ በሙቀትም ይበላሻል። ጎመን ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ ውሃው ሲደፋ ትልቁ ድርሻ አብሮ ይሄዳል። በጥቂት ውሃ፣ ተከድኖ፣ ለአጭር ጊዜ ይብሰል፤ የምስሩም መቀቀያ ውሃ ወጡ ውስጥ ይቅር። ጉበት ፎሌት ቢኖረውም ቫይታሚን ኤው እጅግ ስለሚበዛ ነፍሰ ጡር አታዘውትረው። ይህ ሁሉ ታብሌቱን ያግዛል፣ አይተካውም።

«ቫይታሚን ነው፤ ቢበዛም አይጎዳም»

ፒያሳም ሆነ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ፋርማሲ ገብታችሁ ፎሊክ አሲድ ብትሉ ባለ 5 ሚሊግራም ሊሰጣችሁ ይችላል። 5 ሚሊግራም ማለት 5,000 ማይክሮግራም ነው፤ ከ400ው በ12 እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ማሸጊያው ላይ ሚሊግራም ወይስ ማይክሮግራም እንደሚል አንብቡ። ከፍተኛው መጠን በሐኪም የሚታዘዘው ቀደም ሲል የነርቭ ቱቦ ችግር ያለበት ልጅ ላረገዘች፣ ስኳር ላለባት፣ ወይም እንደ ቫልፕሮይክ አሲድ ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ሴት ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ግን በራስ ውሳኔ ማቆም ለእናትም ለልጅም አደገኛ ነው፤ ከእርግዝና በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለአዋቂ የተቀመጠው ጣሪያ በቀን 1,000 ማይክሮግራም ነው። ምክንያቱ ቫይታሚን ቢ12 ነው። ቢ12 ሲጎድል ደም ማነስ ይመጣል፣ ነርቭም ይጎዳል። የበዛ ፎሊክ አሲድ ደም ማነሱን ያስተካክልና የነርቩ ጉዳት ሳይታወቅ ይቀጥላል። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ዓመት በጾም የምታሳልፍ ሴት እጅና እግሯን የመደንዘዝ ወይም የመውጋት ስሜት ካላት ፎሊክ አሲድ ከመጨመሯ በፊት ቢ12ቷን ትመርመር።

«ልጁን ያተልቃል፣ ምጥ ያከብዳል»

ልጁን አያተልቅም። ብዙ እናቶች ታብሌቱን የሚጥሉት በዚህ ፍርሃትና በሆድ ድርቀት፣ በማቅለሽለሽ፣ በጠቆረ ሰገራ ምክንያት ነው። እነዚህን የሚያመጣው ፎሊክ አሲዱ ሳይሆን አብሮት ያለው ብረት ነው፤ በክትትል የሚሰጠው ጥምር ታብሌት 60 ሚሊግራም ብረት እና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይዟል። ማታ ከእራት በኋላ ቢወሰድ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚይዙት በመሃል አንድ ሁለት ሰዓት ይለፍ። ጨርሶ ካልተስማማሽ ለአዋላጇ ንገሪያት እንጂ አትጣይው።

«ከወሰድኩ ፈጽሞ አይደርስብኝም»፣ «ከደረሰ እርግማን ነው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። በ1991 የወጣው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ ቀድሞ የነርቭ ቱቦ ችግር ያለበት ልጅ ባረገዙ ሴቶች ላይ በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ድግግሞሹን በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የቀረው በዘር፣ በመድኃኒት፣ በስኳር ወይም ባልታወቀ ምክንያት የሚመጣ ነው። ስለዚህ ታብሌቱን የወሰደችም ከ18 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ አልትራሳውንድ ትነሣ። ልጇን ታቅፋ በዘውዲቱ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ወረፋ የምትጠብቅ እናት ጥፋተኛ አይደለችም፤ ዘመድ ሊጠይቃት ሲሄድ ይህን ይዞ ይሂድ።

«ለወንድ አያስፈልግም»

ደም በትክክል እንዲመረት ማንኛውም አዋቂ በቀን 400 ማይክሮግራም ያህል ፎሌት ያስፈልገዋል፤ ለአብዛኛው ሰው ምግቡ ይበቃል። አልኮል የሚያበዛ ሰው ግን ይጎድልበታል። ለመገጣጠሚያ ሕመም በሳምንት አንዴ ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙ ፎሊክ አሲድ ያዝለታል፤ ብዙ ጊዜ የሚዋጠው ሜቶትሬክሴቱ ከሚወሰድበት ቀን ውጪ ነው።