ሾርትከቱን የደበቀው ማን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ካሉት ፎቶኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ማመልከቻ የምትጽፈው ልጅ ኪቦርዱን እንደ ጉድ ታንጣጣዋለች። ርዕሱን መሃል ለማድረግ ሲሆን ግን ማውስ ትፈልጋለች። ዎርድ ላይ ኮንትሮል ኢ ይበቃት ነበር። እንዲህ በማውስ ፈንታ በቁልፍ የሚሰጥ አቋራጭ ትእዛዝ ሾርትከት ይባላል። ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ይህን ስናይ ጥፋቱን እሷ ላይ እንጭናለን። የምንደረድራቸው ምክንያቶች ግን አብዛኞቹ ውሃ አያነሱም።

«ሲለምዱት ራሳቸው ያገኙታል»

አያገኙትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት 251 ልምድ ያላቸውን የዎርድ ተጠቃሚዎች ጠይቆ ነበር። አብዛኞቹ ሾርትከት የሚነኩት ከስንት አንዴ ነው። ምርጫቸው አይኮኖቹ ናቸው። ምክንያቱን ተመራማሪዎቹ ጆን ካሮል እና ሜሪ ቤት ሮሰን ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1987 ጽፈውታል። ሰው ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጠው ሥራውን ለመጨረስ እንጂ ፕሮግራሙን ለማጥናት አይደለም። የሚያውቀው መንገድ ካደረሰው፣ ቢረዝምም ሌላ አይፈልግም። ደንበኛው «እህቴ፣ ቶሎ በይልኝ፣ ወረዳ ሊዘጋብኝ ነው» እያለ ቆሞ እሷ ሜኑ ትመርምር?

ሥራውን ሴቭ የሚያደርገው ኮንትሮል ኤስ ብቻ ይለያል። እዚህ ሰፈር እሱን የማያውቅ ጸሐፊ አላየሁም። አስተማሪያቸው የመብራት መጥፋት ነው።

«ሄልፕ ውስጥ ጽፈነዋል»

ሄልፕ ማን ይከፍታል? ፍንጩ መቀመጥ ያለበት ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአፕል ኮምፒውተር ማኪንቶሽ ሜኑው ላይ ከትእዛዙ ስም ጎን ሾርትከቱን ያሳይ ነበር። ኮፒ ለማድረግ ሜኑ የከፈተ ሰው ሳይፈልገው ያየዋል። በኋላ ብዙ ፕሮግራሞች ሜኑውን ወደ ጎን ብለው አይኮን ሲደረድሩ ያ ጽሑፍ ከዓይን ራቀ። ዊንዶውስ 2000 ይባስ ብሎ ከአልት ጋር የትኛው ፊደል እንደሚነካ የምትጠቁመውን፣ ከሜኑ ስሞች ፊደል ሥር ያለችውን ሰረዝ አልት እስኪነካ ድረስ ደበቃት። ስክሪኑ ጸዳ፣ ፍንጩም አብሮ ሄደ።

ደግነቱ የተሻለ ነገርም መጥቷል። ኦፊስ 2007 ላይ አልት ሲነካ በየአዝራሩ ላይ ፊደል ብቅ ይላል። ኪቦርድ የተገጠመለት አይፓድ ላይ ኮማንድን ተጭኖ መቆየት ዝርዝሩን ያመጣል። እኔ የምወደው ግን የኮድ መጻፊያውን ፕሮግራም የቪኤስ ኮድን መንገድ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ ተጭናችሁ የምትፈልጉትን ትእዛዝ ስም ትጽፋላችሁ። ትእዛዙ ከነሾርትከቱ ይመጣል። ሥራችሁን እየሠራችሁ፣ ቁልፉ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል።

«እንግዲያው ማስታወሻ ብቅ እናድርግላቸው»

ብቅ ያለ ሳጥን ሳይነበብ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪው ቶቪ ግሮስማን እና ባልደረቦቹ የተለያዩ የሾርትከት ማስተማሪያ ዘዴዎችን አወዳድረው ነበር። ጥሩ ውጤት ካመጡት አንዱ ሜኑው ሾርትከቱን እያሳየ ትእዛዙን ግን እንዳይፈጽም ማድረግ ነው። ለጥናት ይሁን! ወረፋ ባለበት ፎቶኮፒ ቤት ግን ይህን የጫነ ሰው እርግማን ነው የሚጠብቀው። ሌላው ሾርትከቱን በድምፅ መናገር ነው። እሱም ለዚያ ጫጫታ አይሆንም። እኔ ብሆን ተጠቃሚው በማውስ ከጨረሰ በኋላ ከስክሪኑ ግርጌ አንድ አጭር መስመር አሳያለሁ። ዝጋኝ ሳትል ራሷ ትጥፋ።

«ሾርትከት ሁልጊዜ ይፈጥናል»

በወር አንዴ ለሚሠራ ነገር አይፈጥንም። ቁልፉን ለማስታወስ ሲታሰብ ማውሱ ይቀድማል። ሾርትከቱ ደጋግመው ለሚሠሩት ሥራ ብቻ ይሁን።

«በእንግሊዝኛ ከሠራ በአማርኛም ይሠራል»

ይህቺን የሚያምኑት የአገራችን ልጆች ጭምር ናቸው። አንዳንድ የድረ ገጽ ፕሮግራሞች በአንዲት ፊደል ይታዘዛሉ። ጂሜይል ላይ ሾርትከት ሲበራ ሲ አዲስ ኢሜይል ይከፍታል። ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ከተቀየረ ግን ያችው ቁልፍ የግዕዝ ፊደል ትሰጣለች። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የላቲኑን ፊደል ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ጭጭ ይላል። ብሮውዘሩ ለፕሮግራመሩ ሁለቱንም ይነግረዋል፦ የወጣውን ፊደልና የተነካችውን ቁልፍ ቦታ። ቦታውን ማንበብ ችግሩን ያቀለዋል። ፍንጩ ላይ የሚጻፈውም ቁልፏ ላይ የታተመው የላቲን ፊደል ይሁን፤ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።

ባለ አንድ ፊደል ሾርትከት ሳይታሰብ ሊነካም ይችላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.1 ማጥፊያ፣ መቀየሪያ ወይም መገደቢያ እንዲኖረው ይጠይቃል። ፕሮግራማችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሩና እያንዳንዱን ሾርትከት ንኩ።