ክሮም ምንድን ነው? በፖሊሽስ ይመለሳል?

«የመኪናውን ፓራውልት በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርገህ ፖሊሽ ቀባው፤ ክሮሙ ይመለሳል» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። አይመለስም። እንዲህ የሚመክር ሰው ክሮምን ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ብረት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

የቮልስ ፓራውልት ተራ ብረት ነው። በላዩ ከ20 እስከ 40 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሚሆን ኒኬል ተነክሯል፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ተለብጧል፤ አንዳንዴ ከኒኬሉ ሥር መዳብ አለ። ክሮሙ የመጨረሻው ሽፋን ሲሆን ውፍረቱ ግማሽ ማይክሮን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ዝገትን የሚከላከለውም፣ ለድምቀቱ መሠረት የሚሆነውም በዋናነት ኒኬሉ ነው። ክሮሙ ኒኬሉ እንዳይደበዝዝና እንዳይጫጫር ይጠብቀዋል።

የጭቃ ቤት ግድግዳ አስቡ። ጭቃው ብረቱ፣ ልስኑ ኒኬሉ፣ ከላይ የተቀባው ኖራ ደግሞ ክሮሙ ነው። ኖራውን በጨርቅ ብታሹት አቧራው ይለቃል እንጂ የረገፈው ኖራ አይመለስም። ዝናብ በልስኑ ስንጥቅ ገብቶ ጭቃውን ሲያርሰው ልስኑ ያብጣል። ፓራውልት ላይ የሚታየው እብጠትም እንዲሁ የመጣ ነው፤ እርጥበት በኒኬሉ ቀዳዳ ገብቶ ብረቱን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኒኬሉን ከሥር ይገፋዋል። ባበጠ ልስን ላይ ኖራ የሚደርብ ባለሙያ የለም፤ ቀርፎ እስከ ጭቃው ይወርዳል። ክሮም ሲታደስም አሮጌው ሽፋን ይገፈፋል፣ ብረቱ ይታሻል፣ የተበላው ጉድጓድ በመዳብ ተሞልቶ እንደገና ይስተካከላል፣ ከዚያ ኒኬል፣ በመጨረሻም ክሮም ይነከራል። የሚያደክመው መፈግፈግ ሁሉ የሚያልቀው ክሮሙ ከመነከሩ በፊት ነው።

የ2000 ቁጥር ወረቀት ቅንጣት 10 ማይክሮን ያህል ነው፤ ከክሮሙ ውፍረት 20 እጥፍ መሆኑ ነው። «የእኔ ግን አብረቅርቋል» ለሚል ሰው፦ ድምቀቱ ወደ ቢጫ ካደላ፣ የሚያየው የተራቆተ ኒኬል ነው። ውሎ አድሮ ይደበዝዛል።

የላይ ላይ ነጠብጣብ ዝገት ብቻ ከሆነ የአልሙኒየም ፎይል ጨምድዳችሁ ውኃ እየነከራችሁ በቀስታ እሹት። አልሙኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም፤ ዝገቱ ግን ይለቃል። አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ሰም ቀቡት፤ ቀዳዳዎቹ አሁንም ክፍት ስለሆኑ ሰሙ በየጊዜው መታደስ አለበት። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አታስጠጉት። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ደግሞ ክሮሙን ራሱን ያሟሟዋል።

የሚያብረቀርቅ ሁሉ ክሮም አለመሆኑም ይታወቅ። የፔጆ 504 ፓራውልት የማይዝግ ብረት ነው፤ እስከ ውስጡ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያ የወረቀትና የፖሊሽ ምክር ለእሱ በትክክል ይሠራል። የቮልስ የጎን ጌጥ ደግሞ በአብዛኛው አኖዳይዝ የተደረገ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ሽፋን እንዲያወጣ የተደረገ አልሙኒየም ነው። ማግኔት አልሙኒየምን ይለያል፤ የማይዝግ ብረትን ግን አንዱን ይይዛል፣ ሌላውን አይይዝም፤ ስለዚህ በእሱ ብቻ አትወስኑ። የቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሁለት ጫፎች ሳትጭሩ ጌጡ ላይ አሳርፉ። ኤሌክትሪክ ካላሳለፈ አኖዳይዝ ነው፤ ክሮምና የማይዝግ ብረት ያሳልፋሉ።

አኖዳይዙ ጠንካራ ኦክሳይድ ስለሆነ ደብዝዞ ከሆነ ፖሊሽ ብቻውን አያድነውም። በ1 ሊትር ውኃ 50 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይሟሟል፤ ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በሶዳው ላይ አይፈስም። መዘፍዘፊያው ዕቃ ፕላስቲክ ይሁን፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ደጅ ሥሩ። ጌጡን ዘፍዝፉበት፤ አረፋው ሲበረታ ሽፋኑ ለቋል፤ ወዲያው አውጥታችሁ እጠቡት፣ ከቆየ አልሙኒየሙን ይበላዋል። ላዩ ላይ የቀረውን ጥቁር ጠርጋችሁ በ600፣ በ800፣ በ1200፣ ከዚያ በ2000 ቁጥር ወረቀት ውኃ እየነካችሁ አሹት፤ ፖሊሹ ከዚህ በኋላ ነው። አሁን መከላከያ ስለሌለው ወይ እንደገና አኖዳይዝ ይደረግ፣ ወይ በየጊዜው ሰም ይቀባ።

ፓራውልቱን ለማስነከር ስትወስዱ ብሎንና ሞላም አብረው ይነከሩ የምትሉ ካላችሁ፣ ሞላዎቹንና ራሳቸው ላይ 10.9 ወይም 12.9 የተጻፈባቸውን ብሎኖች ተዉአቸው። እንዲህ ያለ ጠንካራ ብረት አሲዱና መንከሪያው ውስጥ ሃይድሮጅን ይመጥጣል፤ እንደወጣ 200 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ካልተጋገረ፣ ከታሰረ በኋላ ሳይታጠፍ ድንገት ይሰበራል።