የቤት ውስጥ የምግብ ከባቢ ምንድን ነው?

«የኔ ልጅ ብስኩት ነፍሱ ነው፤ ሌላ ነገር ባፉ አይዞርም» የሚል ወላጅ ሞልቷል። ብስኩቱን ገዝቶ ያስገባው ግን ልጁ አይደለም። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የቤት ውስጥ የምግብ ከባቢ የሚሉት ይህንኑ ነው። ቤት ውስጥ ምን አለ? የት ተቀምጧል? የልጅ እጅ ይደርስበታል? በስንት ሰዓት ይበላል? ትልልቆቹ ምን ሲበሉ ይታያሉ? ምን ይከለከላል፣ ምንስ ለማባበያ ይሰጣል? የልጅ የመክሰስ ልማድ የሚቀረጸው በአብዛኛው በእነዚህ ነው።

መክሰስ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የልጅ ሆድ ትንሽ ስለሆነ በሦስት ማዕድ ብቻ የሚያስፈልገውን ሁሉ አይዝም። ከ9 እስከ 23 ወር ላለ ጡት የሚጠባ ሕፃን የዓለም ጤና ድርጅት ሲመክር የቆየው በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ምግብ፣ እንደ ፍላጎቱም 1 ወይም 2 መክሰስ ነው። ችግሩ ያቺ ትንሽ ሆድ በምን ትሞላለች የሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ብስኩትና ከረሜላ የእንቁላሉን፣ የሽሮውን፣ የወተቱን ቦታ ሲይዙ ጉዳቱ ከጥርስ መበስበስ ያልፋል።

አንድ ቤት ግቡና እዩ። ብርቱካኑ ማድቤት በፌስታል እንደታሰረ ነው፤ ቺፕሱ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ። ያልታጠበና ያልተላጠ ብርቱካን ለአራት ዓመት ልጅ እንደሌለ ይቆጠራል፤ እሱ መላጥ አይችልም፣ እናት ደግሞ እጇ ሥራ ይዟል። ቺፕሱን ግን በጥርሱ ቀዶ ይበላዋል። ብርቱካኑን ልጦ፣ ሙዙን ወይም የተቀቀለውን ስኳር ድንች ቆራርጦ እጁ በሚደርስበት ሳህን ማስቀመጥ ከአንድ ሰዓት ምክር የበለጠ ይሠራል። (ቆሎና ኦቾሎኒ ጥሩ መክሰስ ናቸው፤ ግን አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ ሊያንቁት ስለሚችሉ ይቆዩለት።)

አብዛኛው ወላጅ የሚሳሳተው ክልከላ ላይ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ የፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ጄኒፈር ፊሸርና ሊያን በርች የሠሩት። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 6 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚመሳሰሉ ሁለት መክሰሶች ቀረቡ። አንዱን እንደልባቸው ይበላሉ፤ ሌላው እያዩት ይከለከላል፣ የሚፈቀድላቸውም ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ልጆቹ ስለተከለከለው አብዝተው ማውራት፣ ስጡን ማለት፣ ሲፈቀድላቸውም አብልጠው መብላት ጀመሩ።

ስለዚህ ቡፌው አናት ላይ የተሰቀለው የከረሜላ ቆርቆሮ ልጁን ከጣፋጭ አያርቀውም፤ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ያስመለክተዋል እንጂ። አይቶ መከልከልና ቤት ውስጥ ጭራሹን አለመኖር ይለያያሉ። የሌለ ነገር ጭቅጭቅ አያመጣም። ውሳኔው መደረግ ያለበት ሱቅ ስንገዛ ነው፤ ዕቃው ከገባ በኋላ ክርክሩ ከልጅ ጋር ነው፣ በዚያ ክርክር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ልጁ ነው።

«ምሳህን ከጨረስክ ቸኮላት አለህ» የሚለው ድርድርም እንዲሁ ነው። ምሳው ቅጣት፣ ቸኮላቱ ሽልማት ይሆናል፤ ልጅ ደግሞ የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ ፈጣን ነው። ሲያለቅስ ማስቲካ፣ ሲወድቅ ከረሜላ መስጠትም ሲከፋ መብላትን ያስለምዳል።

ጥብቅ መሆን ያለበት ሰዓቱ ነው። መክሰስ አሥር ሰዓት ላይ ከሆነ አሥር ሰዓት ይሁን፤ ተቀምጦ፣ ስልክና ቴሌቪዥን ተዘግቶ። ቀኑን ሙሉ ሲቆረጥም የሚውል ልጅ ጥርሱ ከስኳር እረፍት አያገኝም፣ እራት ሲቀርብም አይርበውም። ከዚያ እናት «አልበላ አለኝ» ትላለች፤ እራት እንዳይቀር ብላም ብስኩት በወተት ትሰጠዋለች።

ለስላሳ መጠጥ ለብቻው ይነሳ። 300 ሚሊ ሊትር በምትይዝ የኮላ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 32 ግራም ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከምግብ ከሚገኘው ኃይል (ካሎሪ) ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ በቀን 1,400 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው የአምስት ዓመት ልጅ ይህ ቢበዛ 35 ግራም ነው። አንዷ ጠርሙስ ልትጨርሰው ምንም አልቀራት። አባት በየምሳው ለስላሳ እየከፈተ ልጁን «ውኃ ጠጣ» ቢለው ደግሞ ልጁ የሚከተለው ያየውን ነው።

አዲስ ምግብ የሚገፋ ልጅም ያስደነግጣል፤ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ ግን ይህ የተለመደ ነው። ሳያስገድዱ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ማቅረብ ሊጠይቅ ይችላል።

የሚከብደው አያትና እንግዳ ናቸው። ባዶ እጅ መምጣት ነውር በሆነበት አገር ብስኩት መመለስ አይቻልም፤ ለአያትም «አይስጡት» ማለት ያስቀይማል። የሚያዋጣው አስቀድሞ መናገር ነው፤ «እማዬ፣ ለልጁ ስትመጪ ሙዝ አምጪለት፣ ካንቺ እጅ ሲሆን ይበላል» ቢሏት ደስ ይላታል። የመጣው ብስኩት ተከፍቶ፣ ከመክሰሱ ጋር ለሁሉም እኩል ታድሎ ያልቃል፤ የሚደበቅም፣ የሚለመንም ነገር አይተርፍም።