«ተሠርቶለት የለም እንዴ?» ስለ ሂርሽፕሩንግ ሕመም የምንሰማቸው ስህተቶች

ልጄ ተወልዶ ሁለት ቀን ሙሉ ካካ ሳይል ቀረ። «ይመጣል፣ አትጨነቂ» ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ አረንጓዴ አስመለሰው። የሂርሽፕሩንግ ሕመም (የአንጀት መጨረሻ ነርቭ ሳይኖረው መወለድ) ነው አሉን። ዛሬ 11 ዓመቱ ነው። ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ያደከመን ከዚያ በኋላ ከሰው የሰማነው ነው። አብዛኛው በቅን ልብ የተነገረ ነበር፤ ግን ልክ አልነበረም።

«የሰው ዓይን ነው፤ ወይ እናቱ በእርግዝናዋ ያጠፋችው ነገር አለ»

ይህ ብዙ ሌሊት አስለቅሶኛል። ጽንሱ ገና በማኅፀን ሳለ፣ አንጀትን የሚያንቀሳቅሱት የነርቭ ሴሎች ከላይ ወደ ታች ይጓዛሉ፤ በ12ኛው ሳምንት ገደማ መጨረሻው ላይ ይደርሳሉ። በእነዚህ ልጆች ግን መንገድ ላይ ይቀራሉ። ሴሎቹ ያልደረሱበት የአንጀት ክፍል ስለማይላላና ማሳለፍ ስለማይችል ሰገራው ከበላዩ ይከማቻል። ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይታያል፤ በወንዶች ላይ አራት እጥፍ ያህል ይበዛል። የዘር ድርሻም ስላለው ለወንድምና ለእህት ያለው ዕድል ከሌላው ሕፃን ከፍ ይላል። እናት ከባድ ዕቃ ስላነሳች ወይም ስለደነገጠች የሚመጣ አይደለም።

«ድርቀት ነው፣ ቅቤ ቢልስ ይለቀዋል»

ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ጤነኛ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ካካ ይላል። ካላለ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም አረንጓዴ ካስመለሰው ቅቤም ጤና አዳምም ጊዜ ከመግደል በቀር አይጠቅሙም። ሕመሙ የሚረጋገጠው ከፊንጢጣ ውስጥ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

«በሆዱ የወጣው አንጀት እንዲሁ ሊኖር ነው»

ለአብዛኞቹ ልጆች ኮሎስቶሚ (ሰገራ እንዲወጣ አንጀትን በሆድ ላይ ማውጣት) መሸጋገሪያ ነው፤ የተለጠጠው አንጀት እስኪያርፍና ልጁ ክብደት እስኪጨምር የሚቆይ። ከዚያ ነርቭ የሌለው ክፍል ተቆርጦ ጤነኛው ወደ ታች ይሳባል፤ ቆይቶ በሆዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ይዘጋል። የዚህ ቀዶ ሕክምና መንገድ የተከፈተው በ1940ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች) በቦስተን፣ በዶክተር ኦርቫር ስዌንሰን እጅ ነው። በጊዜ የተደረሰባቸው ብዙ ልጆች ዛሬ ኮሎስቶሚ ሳይወጣላቸው በአንድ ቀዶ ሕክምና ይሠራላቸዋል።

«ተሠርቶለታል፤ እንግዲህ ተቅማጡ እንደማንኛውም ልጅ ተቅማጥ ነው»

አይደለም! እባካችሁ ይህን አትለፉት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም አንጀቱ ሊቆጣ ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። ሕፃኑን የሚገድለውም ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሆዱ ከተነፋ፣ ትኩሳት ካለው፣ በጣም የሚሸት ቀጭን ሰገራ በኃይል ከወጣው ወይም ከፈዘዘ፣ ኦ አር ኤስ እየሰጡ ቤት ማሳደር አይገባም። ሆስፒታል በደም ሥር ፈሳሽና ፀረ ባክቴሪያ ይሰጡታል፤ አንጀቱንም በቱቦ ጨው ባለው ውሃ ያጥቡለታል። እኛ ሁለት ጊዜ በሌሊት ሮጠናል፤ ሁለቱንም ጊዜ «እንኳን መጣችሁ» ነው ያሉን።

«ይህን ያህል አድጎ ሱሪውን የሚያበላሸው ሰንፎ ነው»

አንድ አስተማሪ ይህን በልጄ ፊት ተናገረችኝ። ፊቱን መቼም አልረሳውም። ልጁ የሚያደርገው አይደለም፤ የሚሆንበት ነው። ምክንያቱ ደግሞ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ውስጡ ደርቆ ተከማችቶበት ቀጭኑ በጎን ያመልጠዋል። ሌላው አንጀቱ ስለሚቸኩል፣ ወይም መያዣው ጡንቻ ስለደከመ መታገሥ ያቅተዋል። ለመጀመሪያው የሚረዳው ማለስለሻ ሁለተኛውን ያባብሰዋል፤ ስለዚህ የጎረቤት ልጅ የዳነበትን መድኃኒት ከመስጠት በፊት የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ይለይ። ለእኛ የረዳን ከምግብ በኋላ አንጀት በራሱ ሲነቃ፣ እግሩን በርጩማ ላይ አድርጎ ሳይቸኩል መቀመጥ ነው። በየቀኑ በሚደረግ የአንጀት ማጠቢያ ንጹሕ ሆነው ትምህርት ቤት የሚውሉም አሉ። ከአስተማሪ የሚፈለገው ትንሽ ነው፦ ሳያስፈቅድ እንዲወጣ መፍቀድና ቅያሪ ልብሱን የሚያስቀምጥበት ቦታ።

«ሲያድግ ይተወዋል» እና «መቼም ሙሉ ሰው አይሆንም»

ሁለቱም ያሳስታሉ። ብዙዎቹ ወደ ጉርምስና ሲጠጉ እየተሻላቸው ይሄዳል፤ አድገው ይማራሉ፣ ይሠራሉ፣ ይወልዳሉ። ነርቭ የሌለው ክፍል ረጅም የነበረባቸው ግን የበለጠ ይቸገራሉ፤ ችግሩ እስከ ጉልምስና የሚከተላቸውም አሉ። ድርቀቱ አልለቅ ካለ ደግሞ የተሰፋበት ቦታ ጠብቦ፣ ወይም ነርቭ የሌለው አንጀት በከፊል ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት።

እኔ በቦርሳዬ አንድ ወረቀት አይለየኝም፦ የተሠራበት ቀን፣ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ ምን ያህል አንጀት እንደተቆረጠ። ሌሊት ላይ የማያውቀን ተረኛ ሐኪም ሲቀበለን መጀመሪያ የምሰጠው እሱን ነው።