ባክቴሪያ፣ ብግነትና ያለጊዜው የሚመጣ ምጥ በደሴና በኮምቦልቻ

እርግዝና 37 ሳምንት ሳይሞላው ለሚመጣ ምጥ ምክንያቱ ብዙ ሲሆን፣ አመጣጡ በተሻለ የሚታወቀው ግን የባክቴሪያ ኢንፌክሽንና እርሱ የሚቀሰቅሰው ብግነት (የሰውነት መከላከያ የሚሰጠው የመቆጣት ምላሽ) ነው። እንደ ዩሪያፕላዝማ፣ ኢ. ኮላይና ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከብልት ተነስተው በማህፀን ጫፍ በኩል ወደ ላይ ይወጣሉ። የሽርት ውሃውን ወደ ያዘው ሽፋን ሲደርሱ የመከላከያ ህዋሳት ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ፤ በዚህም ማህፀንን የሚያኮማትረው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር መጠን ጨምሮ ማህፀን መኮማተር ሲጀምር፣ ኮላጅን የተባለውን የማጠንከሪያ ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ደግሞ የማህፀኑን ጫፍ ያላላሉ፣ ሽፋኑንም ያሳሳሉ። ምጡን የሚገፋው እንግዲህ የእናትየዋና የፅንሱ አካል የሚሰጠው ምላሽ ጭምር በመሆኑ፣ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ቢገድልም የተጀመረን ምጥ አያቆምም።

ያለጊዜው ምጥ ከሚያመጡት ኢንፌክሽኖች ይበልጡን በጊዜ ሊደረስበት የሚችለው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። በእርግዝና ወቅት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ከኩላሊት የሚወርዱትን ቧንቧዎች ስለሚያላላ፣ የሚያድገው ማህፀንም ስለሚጫናቸው ሽንት ይዘገያል፤ ባክቴሪያው ምንም ሳያሳምም ቆይቶ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል። በብርዳማዋ ደሴ የጎን ውጋትና ብርድ ብርድ ማለት «ብርድ መትቶኝ ነው» ተብሎ መታለፉ፣ ከደሴ ይልቅ ሞቃት በሆነችው ኮምቦልቻም ትኩሳት ሁሉ በወባ መጠርጠሩ የሚያስገርም አይደለም፤ ነፍሰ ጡር ላይ ግን ሁለቱም ሽንት ሳይመረመር ሊታለፉ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሕመም ለሌለው የሽንት ባክቴሪያ የ7 ቀን አንቲባዮቲክን ይመክራል፤ ለምርመራውም የሽንት ካልቸርን (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ ማየትን) ያስቀድማል፣ ካልቸር በሌለበት ግን ሽንት ውስጥ ከሚነከረው ጠቋሚ ወረቀት ይልቅ የግራም ቀለም ምርመራን (ባክቴሪያውን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየትን) ይመርጣል።

ባክቴሪያ ወደ ፅንሱ የሚደርስበት ሌላው መንገድ የእናትየዋ ደም ነው። የቂጥኝ ባክቴሪያ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ፅንሱን ሊገድል ቢችልም፣ በቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይታከማል። ሊስቴሪያና ብሩሴላ የተባሉ ባክቴሪያዎች ባልፈላ ወተት ሊተላለፉ ይችላሉ፤ ሊስቴሪያ በእናትየዋ ላይ ቀላል ጉንፋን መስሎ አልፎ ለውርጃ ሊዳርግ ይችላል። በከተሞቹ ዙሪያ ካሉ ላም አርቢዎች ወተት በጥሬው ለሚገዛ ቤተሰብ መከላከያው ማፍላት ነው፤ ወተቱ ወደ እርጎ መለወጡ ብቻ አስተማማኝ አይደለም።

ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማህፀን ሕመም ወይም ያለጊዜው የሚፈስ የሽርት ውሃ ሲኖር ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ማህፀን ውስጥ ኢንፌክሽን መኖሩ ከተረጋገጠ ሕክምናው አንቲባዮቲክ መስጠትና ልጁን ማዋለድ ነው፤ ፅንሱ ገና ያልደረሰ ቢሆንም እርግዝናውን ማቆየት ለሁለቱም አደገኛ ነው።