ሜታል ዲቴክተር እስከ ጥግ ሲከፈት ጠልቆ ያያል? አያይም

«ሴንሲቲቪቲውን እስከ መጨረሻ ክፈተው፣ ጠልቆ እንዲያይ።» ባሕር ዳር ላይ ሜታል ዲቴክተር፣ ማለትም ብረት ፈላጊ ማሽን፣ ይዤ በቆምኩበት ሁሉ ይህን የሚለኝ አይጠፋም። ሴንሲቲቪቲ ማሽኑ ምን ያህል ደካማ ምልክት እንደሚሰማ የሚወስነው ማስተካከያ ነው። የሚመክሩኝ ደግሞ ማሽን በእጃቸው ነክተው የማያውቁት ናቸው።

የጣና ዳርቻ አፈር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ልጅ ነው፤ የብረት ማዕድን አለበት። ማሽኑ በኮይሉ፣ ማለትም ከታች ባለው ክብ ጠፍጣፋ ክፍሉ፣ መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ይልክና ከብረታ ብረት የሚመለሰውን ያዳምጣል። እዚህ ግን አፈሩ ራሱ ይመልስለታል። ያላመነ አንድ ጥቁር ድንጋይ አንስቶ በኮይሉ ፊት ያሳልፍ፤ አንዳንዱ እንደ ምስማር ይጮኻል። ሴንሲቲቪቲው ሲጨመር የአፈሩም ድምፅ አብሮ ይጎላል፣ የምትፈለገው ነገር በጫጫታው ትዋጣለች።

ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ግቢ የጋብቻ ቀለበት ጠፍቶ ተጠራሁ። ቤተሰቡ ቀድሞ ማሽን ተውሶ፣ እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ሣሩን ሲያስጮህ ውሏል። «የለም፣ ተሰርቋል» ተብሎ የቤት ሠራተኛዋ ሻንጣ ሳይቀር ተበርብሯል። ሴንሲቲቪቲውን ወደ ግማሽ አወረድኩ። ምንም ብረት በሌለበት ቦታ ኮይሉን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ፣ ድምፁ እስኪረጋ ግራውንድ ባላንሱን፣ ማለትም የአፈሩን ድምፅ ዝም ማሰኛውን፣ አስተካከልኩ። ቀለበቱ አግዳሚው ወንበር እግር ሥር፣ ሣሩ ውስጥ፣ ጣት በማይሞላ ጥልቀት ተገኘ። ልጅቷን ይቅርታ የጠየቃት አላየሁም።

እንግዲህ መጀመሪያ ባላንስ፤ ከዚያ ሴንሲቲቪቲውን መንጫጫት እስኪጀምር ጨምሮ ትንሽ መመለስ። ኮይሉ ሣሩን እየዳበሰ፣ ዳር ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ሳይነሣ፣ ቀስ ብሎ ይሂድ። እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይደርብ። ሲጮህ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ዞሮ መድገም ነው፤ ከሁለቱም ወገን ጥርት ብሎ ከጮኸ ይቆፈራል።

ሰው የሚላቸውን የቀሩትን ስሕተቶች ባጭሩ ልጨርስ። «ወርቅን ለይቶ ያሳያል»፦ ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ለማሽኑ ተቀራራቢ ናቸው፤ ወረቀቱን ዝም ያሰኘ ቀለበቱንም ዝም ያሰኛል። «ትልቅ ኮይል ይሻላል»፦ ለበርሜል እንጂ ለጆሮ ጌጥ አይደለም። «ውኃ ዳር ልዩ ማስተካከያ ይፈልጋል»፦ ያ ለጨዋማ ባሕር ነው፤ ጣና ጨው የለበትም። «1780 የሚል ጠገራ ብር የዚያ ዘመን ነው»፦ ምስሏ በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ያው 1780 እየተጻፈበት ሲታተም ኖሯል።

«ዘጌ ገዳማቱ አካባቢ ብንሞክር ማን ያየናል?» የሚሉም አሉ። ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ለዚህ ሥራ ባትደውሉልኝ ደስ ይለኛል።