ሳይንሳዊ ፈጠራ ምንድን ነው?

«በሳይንስ የፈጠራ ሰው ማለት የድሮውን ሕግ ወዲያ ጥሎ በነፃነት የሚያስብ ነው» የሚል አስተያየት ሰሞኑንም ተጽፎ አየሁ። ምሳሌው እንደተለመደው አይንስታይን ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ጅማ ላይ በርጩማ ሲጠረብ ቆሞ ያየ ሰው ይገባዋል። መቀመጫውም ሦስቱ እግሮችም ከአንድ ግንድ ይወጣሉ፤ ሚስማር የለ፣ ኮላ የለ። አንዴ የተጠረበ አይመለስም፤ የእንጨቱን ጭረት ተላልፈው ከመቱት እግሩ ይሰነጠቃል። የጠራቢው ጥበብ የሚታየው እንጨቱ የሚፈቅደው ትንሽ ስለሆነ ነው። እግሩ ሦስት የሆነውም በከንቱ አይደለም፦ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስቱም ይረግጣሉ፤ አራተኛ ከጨመሩበት ይንገዳገዳል።

ወደ ፊዚክሱ ስንመጣ፣ ሜርኩሪ ለፀሐይ እጅግ የምትቀርብበት ነጥብ በየዙሩ በጥቂቱ ፈቀቅ ይላል። የሌሎቹ ፕላኔቶች ስበት ተሰልቶ ከተቀነሰ በኋላ በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ (የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል) ይተርፋል፤ አንድ ዲግሪ ለመሙላት 8,400 ዓመት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። (ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለቬሪዬ እ.ኤ.አ. በ1859 ትርፉን ሲያሳውቅ 38 ነበር ያለው፤ ልኬቱ የጠራው ኋላ ነው።) ለቬሪዬ ሜርኩሪን የምትስብ ያልታየች ፕላኔት ትኖራለች ብሎ ገመተ። ኔፕቲዩንን በ1846 ያስገኘው ይኸው ዘዴ ስለነበር ግምቱ የሚናቅ አልነበረም፤ ግን አልተገኘችም።

አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አሳፍ ሆል በ1894 የኒውተንን የስበት ሕግ ራሱን ነካ፦ ስበት የሚቀንሰው በርቀት 2ኛ ርቢ ሳይሆን በ2.00000016 ነው አለ። 43ቱ ልክ መጣ። እንደ አስተያየት ሰጪው ከሆነ ትልቁ ፈጠራ ይህ ነበር፤ ኒውተንን ደፍሯልና። ሆኖም ቁጥሩ የተመረጠው 43 እንዲመጣ ተብሎ ነው፤ አራተኛው እግር ማለት ይህ ነው። ከጨረቃ እንቅስቃሴ ጋር ሲተያይም አልገጠመም።

አይንስታይን በኖቬምበር 1915 ባሰላው ውስጥ እንደ ልብ የሚስተካከል ቁጥር የለም። የስበት ቋሚ ቁጥር፣ የፀሐይ ግዝፈት፣ የብርሃን ፍጥነት፣ የሜርኩሪ ምሕዋር፣ በቃ። 43 ከነዚህ ወጣ። ኒውተንንም አልጣለም፦ ስበቱ ሲደክም፣ ፍጥነቱም ከብርሃን እጅግ ሲያንስ እኩልታዎቹ ወደ ኒውተን ሕግ ይመለሳሉ። ባይመለሱ ኖሮ ከሁለት መቶ ዓመት ልኬት ጋር ተጋጭቶ ንድፈ ሐሳቡ እዚያው በወደቀ ነበር።

የበርጩማው ምሳሌ ግን ወሰን አለው። ጠራቢው የጭረቱን አቅጣጫ ከግንዱ ላይ ያነበዋል፤ በሳይንስ ግን ብዙ ጊዜ የምናውቀው ንድፈ ሐሳቡ ሲሰነጠቅ ነው። የሚስተካከል ቁጥር ሁሉ ነውር ነው ማለቴም አይደለም። የቁስ መሠረታዊ ቅንጣቶችን የሚገልጸው ንድፈ ሐሳብ፣ ስታንዳርድ ሞዴል፣ ኒውትሪኖ የሚባሉት እጅግ ቀላል ቅንጣቶች ግዝፈት ሳይቆጠር፣ ከልኬት የሚገቡ 19 ቁጥሮች አሉት፤ በነሱ ግን እጅግ ብዙ የሙከራ ውጤት ይሰላል። ሆል አንድ ቁጥር አስገብቶ አንድ ቁጥር ነው ያወጣው።